ወንድሜ ከተዝካሩ በኋላ

ወንድሜ ጋሼ ይግዛው ተዝካሩን ያወጣው በቁሙ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ አገር በጎጃም አንዳንድ ሰው ሞቶ ልጆቹ እስኪደግሱለት አይጠብቅም፤ በሬ አሳርዶ፣ ጠላ አስጠምቆ፣ ካህናቱንና ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ራሱ ቁጭ ብሎ እያየ የገዛ ራሱን ተዝካር ይደግሳል። የቁም ተዝካር ይባላል። በልጅነቴ እንዲህ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ በማግስቱ ሞፈራቸውን ተሸክመው እርሻ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ። ጋሼ ግን በማግስቱ አልተነሳም። በሳልስቱም አልተነሳም። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው።

ይህን የነገረችኝ አብራው የምትኖረው ልጁ የሻረግ ናት። ስልክ ደውላ፣ «አክስቴ፣ አባባ ከመደብ አይወርዱም። ክኒናቸውንም ትተዋል፣ እግራቸው አብጧል። እርስዎን ይሰሙ ይሆናል፣ መጥተው ይዩዋቸው» አለችኝ። እኔ የምኖረው ናዝሬት ነው። ጡረታ የወጣሁ ታይፒስት ነኝ፣ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስኳር፣ ደም ግፊትና የጉልበት ሕመም አለብኝ። ጋሼ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ ያሉበትም እነዚያው ሦስቱ ናቸው፣ ከአባታችን ቤት ተካፍለን የወጣን ይመስል። የኔ ሐኪም የልጅ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነው፤ «እማማ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ካልተራመዱ ክኒኑ ብቻውን አይረዳዎትም» ስላለኝ በየጠዋቱ የሰፈሩን ኳስ ሜዳ እዞራለሁ። ለጋሼም ደብረ ማርቆስ ያለው ሐኪም አምና ይህንኑ ነግሮት ነበር። እሱ ከሐኪሙ ዘንድ ወጥቶ የሄደው ግን የተዝካር በሬ ሊገዛ ነው።

እንዲህ እንደተቀመጠ ከቀጠለ እንደሚሞትብኝ ገባኝ። ከእናቴ ልጆች የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። በመስከረም መጨረሻ፣ መንገዱ ክፍት ነው በተባለበት ሳምንት፣ ጉልበቴን በፋሻ አስሬ ተነሳሁ።

እሑድ አዲስ አበባ ገብቼ አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ቤት አደርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስለ በሽታችን ስናወራ እንቅልፍ አጣን፤ በኛ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ ወሬ የለም።

ሰኞ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው የእህል ነጋዴ ጉልበቴን ሳሽ አየኝና ከእግሩ ሥር የነበረውን ሻንጣ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው። «እግርዎን ይዘርጉ እናቴ» አለኝ። ደጀን እስክንደርስ እንደ ሕፃን ታቅፎት ሄደ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ የሚመጣው ሙቀት የናዝሬት ሙቀት ነው፣ ቤቴ የገባሁ መስሎኝ ሹራቤን አወለቅሁ። ሽቅብ ወጥተን ደጀን ስንቆም መልሼ ለበስኩት። ምሳ ጥብስ አዘዝኩ፤ ጨው በዝቶበታል። ደም ግፊቴን አስቤ ግማሹን ተውኩት ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፣ ግን አልተውኩትም።

ደብረ ማርቆስ ያደርኩባት ፔንሲዮን ባለቤት ደርባባ ሴትዮ ናቸው። ብርዱን አይተው ሳልጠይቃቸው ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ፣ እግሬን የምዘፈዝፍበት ሙቅ ውሃ በሳፋ አመጡልኝ። ናዝሬት ውስጥ ሙቅ ውሃ ካልጠየቃችሁ አይመጣም፤ ጠይቃችሁም አይመጣም። ማንን ልጠይቅ እንደምሄድ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው።

«አወቅኋቸው፣ አቶ ይግዛው። ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። «ተዝካራቸው ላይ የኔ ዘመዶች ነበሩ።»

«ኧረ አልሞተም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉና ሳፋውን አንስተው ወጡ። በሩን ሲዘጉም ፊታቸው ላይ ቀልድ አላየሁም።

ማክሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሮብ ገበያ ወጣሁ። ጭጋጉ ከጮቄ ተራራ ወርዶ መንገዱን ይዞታል፤ ሹፌሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት አብርቶ ይነዳል። ናዝሬት አቧራ እንጂ ጭጋግ የላትም። በአቧራ ውስጥ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ እዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ሳሉ ነው፣ ቀጥሎ የበቅሎው ኮቴ፣ ሰውዬው ራሱ የሚታያችሁ አፍንጫችሁ ሥር ከደረሰ በኋላ ነው። የየሻረግ ባል ታደሰ በቅሎ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ወደ መንደሩ በእግር አንድ ሰዓት ነው። «ይውጡ አክስቴ» ቢለኝ፣ «ሐኪም ተራመጂ ብሎኛል» ብዬ በእግሬ ጀመርኩ። ሩቡን መንገድ ሄድኩና ወጣሁ። ጀግንነቴ ያን ያህል ነው።

በመንገድ ያገኘናቸው ሰዎች ሁሉ ቆመው የማን ዘመድ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የይግዛው እህት ነኝ ስል ባርኔጣ ያደረገው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ነጠላ የለበሰችው ነጠላዋን አስተካከለች። «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ። ሦስተኛው ሰው እንዲህ ሲለኝ ታደሰን በቅሎው ላይ ሆኜ ጠየቅሁት።

«ታደሰ፣ የምትደብቀኝ ነገር አለ? ወንድሜ ሞቷል?»

«ኧረ የለም አክስቴ። ዛሬ ቁርስ በልተዋል» አለ፤ ግን ዞሮ አላየኝም።

ጋሼ መደቡ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ነጭ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ተቀምጧል። ሲጠራኝ ድምፁ የድሮው ነው፣ «መጣሽ ዘውዴ» አለ። አቅፌው ትንሽ አለቀስኩ። ቁርጭምጭሚቱን በጣቴ ጫን ባደርገው የጣቴ ጉድጓድ ሳይሞላ ቆየ። እጁ የሴት እጅ ሆኗል፣ ለስላሳ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው ነው።

ከዚያ ነገሩን ማየት ጀመርኩ። የሻረግ ድንች በተልባ አቀረበችልን። የእሱን ሳህን ጉልበቱ ላይ አኖረችለትና ወደ እኔ ዞራ፣ «አባባ ይህን በጣም ይወዱ ነበር» አለች። እሱ እየጎረሰ ነው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አንጓች ገቡ፤ እኔን አገላብጠው ሳሙኝ፣ የሻረግንና ታደሰን በየስማቸው ጠየቁ። በመጨረሻ ወደ መደቡ ጎንበስ አሉና፣ «ነፍስዎን ይማር ጋሽ ይግዛው» አሉ።

«አሜን» አለ ጋሼ።

የቁም ተዝካር ያወጣ ሰው እንዲህ ተብሎ ሰላም ሲባል የትም አላየሁም፣ በሌላው ጎጃምም የለም። የሻረግን ወደ ደጅ ጎተትኳትና ማን እንዲህ አድርጉ እንዳላቸው ጠየቅኋት።

«ማንም አላለን» አለች፤ እንባዋ መጣ። «መጀመሪያ ጫማቸውን ለነዳያን ሰጡ። መቋሚያቸውን ለነፍስ አባታቸው ሰጡ። የሰንበቴ ተራቸውን ታደሰ ወሰደላቸው። በሬ ልፍታ ሲሉ፣ እንጨት ልፍለጥ ሲሉ፣ ይረፉ አባባ አልናቸው። ሕመምተኛ ናቸው፤ እንዲያርፉ ብለን ነው አክስቴ። ከዚያ ሰዉም ለመደው፣ እሳቸውም ለመዱት።»

ክፋት ቢኖርበት እቆጣ ነበር። ከፍቅር የተነሳ አንድ በአንድ ሥራውን ሁሉ ተቀብለውት የቀረው መደቡ ብቻ ነው። ተመልሼ ጋሼ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ተነስ ጋሼ፣ እስከ በሩ ሄደን እንመለስ።»

«በሩ ጋ ምን አለኝ?»

«ሐኪሙ ተራመድ ብሎህ የለም? ክኒንህንስ ለምን ተውከው?»

«ሐኪሙ የተናገረው በሕይወት ላለ ሰው ነው» አለኝ፣ በፍጹም ርጋታ። «እኔ የሚሠራውን ሠርቼ ጨርሻለሁ። ቤቴንም ሠርቻለሁ። ነገ ሄደሽ እዪልኝ፣ ከማርያም ጀርባ፣ ከወይራው ሥር።»

መቃብሩን ማለቱ ነው። ያን ማታ ከእሱ ጋር መከራከር ከግድግዳው ጋር መከራከር ስለሆነብኝ ተኛሁ። ፈርቼም ነበር፣ አልደብቃችሁም፤ አተነፋፈሱን እየሰማሁ ነው ያንቀላፋሁት።

ረቡዕ የገበያ ቀን ነው፣ የጾምም ቀን ነው። ጠዋት እንደ ልማዴ የስኳር ክኒኔን ዋጥኩ። የሻረግ ድንቿን ለገበያ ስትጭን «አክስቴ፣ እርስዎ መድኃኒተኛ ነዎት፣ ቁርስ ላቅርብልዎ?» አለችኝ። ሐኪሜ ክኒን ውጠሽ እንዳትጾሚ ብሎ አስጠንቅቆኛል። ናዝሬት ብሆን በሬን ዘግቼ ዳቦዬን እገምጥ ነበር። እዚያ ቤት ግን እሷ ጾማ ሸክም ልትሸከም እኔ ልበላ አፈርኩ። «እኔም እጾማለሁ» አልኳት። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እሷም፣ ታደሰም፣ ወይዘሮ አንጓችም፣ መንደሩ በሙሉ ወደ ሮብ ገበያ ወጣ። አራት ሰዓት ላይ እኔም የታዘዝኩትን ግማሽ ሰዓት ልራመድ፣ በዚያውም ቤት የተባለውን ልይ ብዬ ለጋሼ ነግሬው ወጣሁ።

ለጤነኛ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ሃያ ደቂቃ ነው። እኔ ዳገቱን አጋምሼ ሳለሁ ጭጋጉ ወረደ። ወይራውን ያገኘሁት በእጄ ዳስሼ ነው። ከሥሩ በድንጋይ የታነፀ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ጉድጓድ አለ። ከራስጌው የቆመ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ስሙ በቀለም ተጽፏል፣ የተወለደበት ዘመን ተጽፏል፤ ቀጥሎ «ያረፉት» ይልና ባዶ ቦታ አለው። የቆርቆሮውን ጫፍ ቀና አድርጌ አየሁ። ውስጡ ደረቅ ነው፣ ሰንበሌጥ ተጎዝጉዞበታል። አልጋ ይመስላል፤ ሰው ሊተኛበት ያዘጋጀው፣ የሚመጣ እንግዳ የሚጠበቅበት አልጋ። ቆርቆሮውን ለቀቅሁት።

ያኔ እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ስኳሬ እየወረደ መሆኑን አወቅሁት፤ ሌላ ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም፣ ቦርሳዬ ግን ቤት ቀርቷል። ልነሳ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝና መቃብሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ተጣራሁ። ድምፄ ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም።

ከዚያ እንጨት ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ጥቅ። ዝም ይላል። ረጅም ጊዜ ቆይቶ ደግሞ፣ ጥቅ። የሚሄድ ሰው እንዲህ አይሄድም፣ በጣም ዘገየ። በሁለቱ መሃል ከባድ ትንፋሽ አለ። መጀመሪያ ድምፁ ከሥር መጣ፣ ኋላ ከግራዬ፣ ከዚያ ከወይራው ማዶ። ነጭ ጋቢ ብቅ አለ። ባዶ እግር ነው፣ ፊቱ አይታይም። ጋሼ ሞተ አልኩ በልቤ። አሁን ሞቶ ወደ ቦታው መጣ፣ እኔ ደግሞ ቦታውን ይዤበታለሁ። በስኳር መውረድ የተያዘ ጭንቅላት የሚያስበው ይህን ነው። ልልቀቅለት ብዬ ወደ ጎን ልንፏቀቅ ሞከርኩ።

«ዘውዴ» አለኝ።

«ነፍስህን ይማር» አልኩት። እኔም፣ የማንም አፍ ሳይሆን የኔው አፍ።

«ዝም ብለሽ ጠጪ» አለና አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አፌ ላይ ደገነ። በማር የተበጠበጠ በሶ ነው። ጉንጬና ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። እጁ ሞቃት ነበር፤ ሕያው መሆኑን ያመንኩት በዚያ ነው። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ፣ ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። ሁለታችን መቃብሩ ጠርዝ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ቁጭ እንዳልን የቀረውን በሶ ጠጥቼ ጨረስኩ።

ነፍሴ መለስ ስትል እንዴት እንደመጣ ጠየቅሁት።

«ክኒን ስትውጪ አይቼሻለሁ። አለመብላትሽን ኋላ ነው ያሰብኩት። እኔም ድሮ እርሻ መሃል እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ» አለ። «ተጣራሁ። የሻረግ የለችም፣ ታደሰ የለም፣ ጎረቤት የለም። ዓመት ሙሉ የምልከው ሰው አጥቼ አላውቅም ነበር።»

ከማገዶው መሃል መዝዞ የተደገፈበት ፍልጥ እጁ ላይ አለ። ከቤት እስከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። ባዶ እግሩ ደምቷል፣ አንዱ ጥፍሩ ተነስቷል። ይህን ሳይ ነው ያለቀስኩት።

«በይ እንግዲህ ከቤቴ ላይ ተነሺ» አለኝ።

መንገዱን በየድንጋዩ እየተቀመጥን ተመለስን፤ አንዴ እኔ ስደክም፣ አንዴ እሱ። ከመንደሩ ሥር ካለው ወንዝ አጠገብ ስንደርስ ወይዘሮ አንጓች ከገበያ ሲመለሱ ከጭጋጉ ወጡ። ጋሼ «እንዴት ዋልሽ አንጓች» አላቸው። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ አማተቡና መንገዱን ለቀው በእርሻው ውስጥ አቋርጠው ሄዱ። ጋሼ የሄዱበትን አቅጣጫ ሲያይ ቆየ።

«አልመለሰችልኝም» አለ። ሰላምታ የከለከሉት ያህል ሳይሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የሆነበት ነገር ገና ያን ጊዜ የታየው ያህል ነበር አነጋገሩ። «ፈራችኝ እኮ ዘውዴ። እኔን።»

ሐሙስ ቤቱ ታመሰ። የጋሼ እግር ቆስሏል፣ ወገቡ አልነሳ ብሎታል። የሻረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችኝ፤ «ሊገድሉብኝ ነው የመጡት?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያልበላሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ጠየቅኋት። የጋሼ የነፍስ አባት ወሬውን ሰምተው መጡ። ቄሱ ቀጭን፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ወይዘሮ አንጓችን ጨምሮ ሁሉንም አስቀምጠው፣ «ተዝካሩን ባርኬያለሁ። ቅበሩት ብያለሁ? በየወሩ እዚሁ መደቡ ላይ የማናዝዘውን ሰው ነፍስ ይማር የምትሉት በማን ፈቃድ ነው?» አሉ። ከዚያ በጋቢያቸው ሥር ይዘውት የመጡትን መቋሚያ ለጋሼ ሰጡት። የራሱ ነው፣ ዓመት ሙሉ እሳቸው ዘንድ ነበር።

ጋሼ መቋሚያውን እያገላበጠ አየው። «አባ፣ እሺ ልራመድ። ወዴት ልራመድ?» አላቸው። «እርሻዬን ሰጥቻለሁ፣ ሰንበቴዬን ሰጥቻለሁ፣ ገበያ የምሸጠው የለኝም። ሰው ዝም ብሎ ይዞራል?»

ኳስ ሜዳ ስለመዞር ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ጥያቄው ትክክል ነበር። እኔም ሜዳውን ስዞር የማስበው ይህንኑ ነው።

«ወደ ቤቴ ልሂድ እንግዲህ» አለ ቆይቶ። «በየቀኑ ሄጄ አይቼው ልመለስ። ቆርቆሮውን ንፋስ ያነሳዋል።»

የሻረግ ክው አለች። ቄሱ ግን ትንሽ አሰቡና፣ «መመለሱን ካልረሳህ ሂድ» አሉት።

ዓርብ በበቅሎ ሮብ ገበያ አውርደን ጤና ጣቢያ አሳየነው። ግፊቱ የነርሷን ቅንድብ ሰቀለው፣ ክኒኑን እንደገና ጀመረ፤ ቁስሉን አጥባ አሰረችለት። እኔ የላስቲክ ጫማ ገዛሁለት፣ ከእግሩ እብጠት የተነሳ በሁለት ቁጥር የሚበልጠውን። ሻጩ ጋሼን አውቆት እጁ አየር ላይ ቀረ። ጋሼ ቀድሞ «ደህና ነኝ» አለው። ቅዳሜ ስለያየው በር ድረስ ወጥቶ ሸኘኝ። የሻረግ ክንዱን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ አየኋት፤ መልሳ ሰበሰበችው። ያ እጅ ሲመለስ ከማየት የከበደኝ ነገር በዚያ ጉዞ አልነበረም።

ናዝሬት ከገባሁ ሁለት ወር ሆኖኛል። ሙቀቱ፣ ባጃጁ፣ ሜዳው እንዳለ ነው። ቁርሴን ሳልበላ ክኒን አልውጥም። ጋሼ ቁስሉ እስኪድን ከቆየ በኋላ መሄድ ጀመረ። በመንደሩ የስልክ መስመር የሚይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ዳገት ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እሱ ዳገቱን ወጥቶ እኔ ሜዳውን በምዞርበት ሰዓት ይደውልልኛል። ወንድሜ በየጠዋቱ ከመቃብሩ ይደውልልኛል ብዬ ለጎረቤቶቼ ብነግራቸው ከኔ ራቅ ብለው መቀመጥ ጀመሩ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ስልኩ ሲጠራ አንዳንድ ቀን እጄ ይቀዘቅዛል። የዘገየ ቀንማ ሜዳው መሃል ቆሜ እቀራለሁ።

ሳነሳው መጀመሪያ የሚሰማኝ ንፋሱ ነው፣ ከዚያ የሱ ትንፋሽ። ቆርቆሮው ቀና ሲል ሲያንቋርር እሰማለሁ። ጎንበስ ብሎ ያያል።

«ባዶ ነው» ይለኛል።

«በል ተመለስ» እለዋለሁ።

መቋሚያው ድንጋይ እየመታ ቁልቁል ሲሄድ እስክሰማ ድረስ ስልኩን አልዘጋም።